አልትራ ዋይድ ፕራይም የሚገዛው ለመጠጋት ነው፦ «አትግዙት» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ፎቶ አንሺዎች እየተቀባበሉ ያነበቡት አንድ ረጅም ጽሑፍ አለ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አልትራ ዋይድ ፕራይም፣ ማለትም 20 ሚሜና ከዚያ በታች የሆነ (ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ሰፋ አድርጎ ያያል)፣ ዙም የማያደርግ ሌንስ፣ ለእኛ አገር ፎቶ አንሺ የገንዘብ ብክነት ነው። ጸሐፊው ምክንያቶቻቸውን አንድ በአንድ አስቀምጠዋል። ሌንሱ ሁሉን አስገብቶ ምንም አያሳይም፤ የሰው መልክ ያበላሻል፤ ዋይድ ዙም እያለ ትርፍ ነው፤ ኤፍ 1.8 የሚባለው ክፍተት (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የሚሰፋው) በዋይድ ሌንስ ላይ ጥቅም የለውም፤ ስልክም ፓኖራማም ይተኩታል፤ በዚያ ላይ ጠባብ ቤት ሰፊ አስመስሎ ሰው ያሳስታል።

ጸሐፊው ሥራውን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ምላሽ ለመስጠት የተነሳሁትም ጽሑፉ ተሰሚነት ስላገኘ ነው፤ አንብበውት ያላቸውን ሌንስ ለመሸጥ ያሰቡ ወጣቶች አሉ። ከነጥቦቹ ውስጥ ትክክል የሆኑት አሉ፤ እነሱ ጋ ስደርስ እናገራለሁ። መነሻው ግን አያስማማኝም። ጸሐፊው አልትራ ዋይድን የመዘኑት ከሩቅ ቆሞ ብዙ ነገር ለማስገባት እንደተሠራ ዕቃ አድርገው ነው። በዚያ ሚዛን ከሆነ እኔም አልገዛውም። ይህ ሌንስ ዋጋውን የሚመልሰው ለሚጠጋ ሰው ነው፦ አንድን ነገር በክንድ ርቀት ይዞ፣ ያ ነገር ያለበትን ዓለም ከነሙሉው አብሮ ለማሳየት።

«ሁሉን ያስገባል፣ ምንም አያሳይም» ከሚለው ልጀምር። ሽሮ ሜዳ ወደሚሠራ አንድ ሸማኔ ክፍል እንግባ። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል፤ እግሮቹ ጉድጓዱ ውስጥ እየተፈራረቁ ይረግጣሉ፤ ድሩ ከፊቱ ተወጥሮ ወደ ማዶው ግድግዳ ይዘልቃል። እዚህ ክፍል ውስጥ 50 ሚሜ ይዞ የገባ ሰው ወይ ፊቱን ያገኛል ወይ እጁን፤ ሁለቱን ከነድሩ ማግኘት አይችልም። 24 ሚሜ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ያስገባል፤ ፎቶውም «ይህ የሸማኔ ክፍል ነው» ከማለት አያልፍም። ጸሐፊው ባዶ የሚሉት እንዲህ ያለውን ከሆነ ልክ ናቸው።

14 ወይም 20 ሚሜ የያዘ ሰው ግን በሩ ላይ ምንም ሥራ የለውም። ፈቃድ ጠይቆ ከሸማኔው ጎን ቁጢጥ ይላል፤ ካሜራውን ወደ ድሩ ከፍታ ዝቅ ያደርጋል፤ መወርወሪያው ከሌንሱ ፊት በክንድ ርቀት ሲያልፍ ይጠብቃል። አሁን መወርወሪያው ገዝፎ ይታያል፦ በእጅ ብዛት የለሰለሰው እንጨት፣ በውስጡ የተጠቀለለው ማግ፣ የሸማኔው አውራ ጣት ላይ ያለው የቆዳ ድርቀት ሳይቀር። ከዚያ ድሩ ከፊት ሰፍቶ ጀምሮ እየጠበበ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ ዓይንም ተከትሎት ይሄዳል። የሰውየው ፊት ከመሃል ጥቂት ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ መስኮቱ፣ በሚስማር የተሰቀለው ያለቀ ጋቢ፣ ጥጉ ላይ የተቀመጠው የውሃ ጀሪካን ሁሉም በየቦታቸው አሉ። ይህን ፎቶ በሌላ ሌንስ ማግኘት አይቻልም።

ምክንያቱ ተራ ሂሳብ ነው። ከሌንሱ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ እጅ፣ 2 ሜትር ተኩል ላይ ካለ ሌላ እጅ ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ገዝፎ ይወጣል። ሁለቱም እጆች 10 ሜትርና 12 ሜትር ላይ ቢሆኑ ግን ልዩነታቸው ከቁጥር አይገባም። የዋይድ ፎቶ ጉልበት ያለው እዚህ ምጣኔ ውስጥ ነው፤ ምጣኔው የሚመጣው ደግሞ በመቅረብ ብቻ ነው። ጸሐፊው በምሳሌነት የገለጿቸው ፎቶዎች፣ አደባባዩም ሜዳውም፣ ከፊት ለፊት ምንም የሌለባቸው ናቸው። ባዶነታቸው የመጣው ከቆሙበት ቦታ ነው።

ስለ ስሜን ተራሮች የጻፉትን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ከሩቅ ሆኖ በ14 ሚሜ የተነሳ ገደል ኮረብታ ይመስላል፤ ያንን ግርማ የሚያወጣው 70-200 ሚሜ ቴሌ፣ ማለትም ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ሌንስ ነው። አፋፉ ላይ ጅብራ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። በግማሽ ሜትር ርቀት ከሥሩ ዝቅ ብሎ ያነሳው ሰው ተክሉ ሰማይ ሲነካና ገደሉ ከጀርባው ወደ ታች ሲወርድ ያገኛል።

ወደ ሰው መልክ ልለፍ፤ ብዙዎችን ያሳመነው ነጥብ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ጸሐፊው አልትራ ዋይድ አፍንጫ ያገዝፋል፣ ጆሮ ይደብቃል፣ ጠርዝ ላይ የቆመውን ሰው ያወፍራል፣ ስለዚህ ሠርግ ላይ ቦታ የለውም ብለዋል። እዚህ ውስጥ መነሻቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል።

አፍንጫ የሚያገዝፈው ርቀት ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር ላይ የተነሳ ፊት በየትኛውም ሌንስ አፍንጫው ይገዝፋል፤ ከ1 ሜትር ተኩል ላይ የተነሳ ፊት ደግሞ በየትኛውም ሌንስ ደህና ነው። የሚጠራጠር ሰው አሁኑኑ በስልኩ ይሞክር። አንድ ሰው ፊት ለፊት አስቀምጡ፤ ከቆማችሁበት ሳትነቃነቁ አንዴ በ1፣ አንዴ በ0.5 አንሱት፤ ፊቱ ሁለቱም ጊዜ ፍሬሙ መሃል ላይ ይሁን። ከዚያ የ0.5ቱን መሃሉን ቆርጣችሁ አስፉትና ጎን ለጎን አድርጓቸው። የ0.5ቱ ጥራቱ ይወርዳል፤ የአፍንጫውና የጆሮው ምጣኔ ግን አንድ ነው። ዋይድ ሌንስ የሚወቀሰው ፊቱ ፍሬሙን እንዲሞላ ስንል በጣም ስለምንቀርብ ነው።

ጠርዝ ላይ ያለው መለጠጥ ግን የሌንሱ የራሱ ነው፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ቀጥ ያለ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያወጣ ሌንስ ሁሉ ድቡልቡል የሆነውን ነገር ጠርዝ ላይ ይለጥጠዋል። የፋብሪካ ጉድለት አይደለም፤ ውድ ሌንስ በመግዛት አይመለጥም፤ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። በፉል ፍሬም፣ ማለትም ብርሃን ተቀባዩ ሴንሰር ትልቅ በሆነ ካሜራ፣ 14 ሚሜ ላይ በግራ ወይም በቀኝ ጠርዝ ጫፍ የወደቀ ፊት ከቁመቱ ይልቅ ወደ ጎን 1.6 እጥፍ ይሰፋል። በ20 ሚሜ 1.35 እጥፍ ይሆናል። ግን ያው 14 ሚሜ፣ ፍሬሙን በሦስት ብንከፍለውና ፊቱን በመካከለኛው ሲሶ ውስጥ ብናስቀምጠው፣ መለጠጡ 10 በመቶ አይሞላም። ይህን ማንም አያስተውለውም፤ ሙሽራዋም አታስተውለውም።

ስለዚህ ሠርግ ላይ የምመክረው ግልጽ ነው። ሚዜዎችን ደርድሮ በአልትራ ዋይድ ማንሳት አይገባም፤ ዳር የቆመችዋ ሚዜ በደንብ ትቀየማለች፣ መቀየሟም ተገቢ ነው። ለዚያ 35 ወይም 50 አለ። አሁን ደግሞ ሙሽሮቹ ከቤት ከመውጣታቸው በፊት የወላጅ ጉልበት ሲስሙ ያለውን ሰዓት አስቡ። ሳሎኑ በሶፋ ተሞልቷል፤ ዘመድ ግድግዳ ታክኮ ቆሟል፤ እናት ተቀምጠዋል፤ ሙሽራዋ ጎንበስ ብላለች፤ ቬሎው ወለሉን ሸፍኖታል፤ የቪዲዮው ባለሙያ ከጎን መብራት ይዟል። ወደ ኋላ ማፈግፈጊያ ስንዝር ቦታ የለም። 50 ሚሜ እዚህ የሚያወጣው የሙሽራዋን አናትና የእናትን ጉልበት ብቻ ነው። 20 ሚሜ የያዘ ሰው ግን በሜትር ተኩል ርቀት በርከክ ብሎ፣ ካሜራውን ቀጥ አድርጎ፣ የእናትን ፊትና የሙሽራዋን እጅ መሃል ላይ ያስቀምጣል፤ እልል የሚሉት አክስቶች፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ የሚጠርጉት አያት፣ በር ላይ ተጨናንቀው የሚያዩት የጎረቤት ልጆች ዙሪያውን ይሞሉታል። ጠርዝ ላይ ያሉት ትንሽ ቢሰፉም ለዓይን አይከብዱም፤ ዓይን የሚያርፈው እናትና ልጅ ላይ ነው።

ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ጸሐፊው «ትልቅ ጭንቅላት፣ ትንሽ እግር» ያሉት ነገር የሚመጣው ፎቶ አንሺው ቆሞ ወደ ታች ሲያዘነብል ነው። በዋይድ ሌንስ ጥቂት ዲግሪ ማዘንበል ብዙ ያበላሻል። ካሜራውን ወደ ደረት ከፍታ አውርዶ ቀጥ አድርጎ መያዝ አብዛኛውን ችግር ያስወግደዋል።

ቀጥሎ የዙሙ ክርክር ነው። ጸሐፊው 16-35 ሚሜ ዙም ያለው ሰው 14 ሚሜ ፕራይም ምን ያደርግለታል፣ ልዩነቱ 2 ሚሜ ብቻ አይደለም ወይ ብለው ጠይቀዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። በ200 እና በ202 ሚሜ መካከል ማንም ልዩነት አያይም። በ14 እና በ16 መካከል ግን ከአንድ ቦታ ሆኖ ፍሬሙ ውስጥ የሚገባው ስፋት በ14 በመቶ ያህል ይለያያል፤ በሰያፍ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ አንዱ 114 ዲግሪ፣ ሌላው 107 ዲግሪ ያያል። ወደ ታች በወረድን ቁጥር እያንዳንዷ ሚሊ ሜትር ትከብዳለች።

ይህ በተግባር ምን ማለት እንደሆነ ላሊበላ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ቤተ ጊዮርጊስ ከአንድ ወጥ ዓለት ወደ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ጣሪያው ከምድሩ ጋር እኩል ነው። ከላይ ሆኖ የመስቀሉን ቅርጽ ማንሳት ለማንም ቀላል ነው፤ ዓለም የሚያውቀውም ያንን ፎቶ ነው። ታች ወርዶ ግድግዳውን ከሥር እስከ ጫፍ፣ ወደ ኋላ የሚወድቅ ሳይመስል ማንሳት ግን ሌላ ነው። ካሜራው በቁም ተይዞ፣ ሳያዘነብል፣ በዓይን ከፍታ ሆኖ 12 ሜትር የሚያህል ግድግዳ ለማስገባት በ24 ሚሜ ወደ 14 ሜትር ያህል መራቅ ያስፈልጋል። በ16 ሚሜ ከ9 ሜትር በላይ። በ14 ሚሜ 8 ሜትር ያህል። ከኋላ ያለው ደግሞ ዓለት ነው፤ አንድ ሜትር ልትለምኑት አትችሉም። ካሜራውን አዘንብሎ አንስቶ በኋላ በኮምፒውተር ማቅናት ይቻላል፤ ነገር ግን ማቅናቱ ከፎቶው ጎንና ጎን ብዙ ይቆርጣል፤ የላይኛውንም ጥራት ያሳሳል።

በጥራት በኩል ጸሐፊው ያነሱት ታሪክ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኒኮን 14-24 ኤፍ 2.8 ዙም በዘመኑ የነበሩትን ዋይድ ፕራይሞች በጥርት አሳፍሯቸዋል። ያ ዙም ግን አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። ዛሬ የሶኒ 14 ሚሜ ኤፍ 1.8 ክብደት 460 ግራም ነው፤ የዚያው ኩባንያ 12-24 ኤፍ 2.8 ዙም 847 ግራም፤ የካኖን 11-24 ኤፍ 4 ደግሞ 1,180 ግራም። ጥምቀትን ከዋዜማው እስከ ማግስቱ በእግሩ የሚከተል ሰው ይህ ልዩነት አንገቱና ትከሻው ላይ ይታወቀዋል።

ለእኔ ግን ከክብደቱ የሚበልጠው ሌላ ነው። በዋይድ ዙም ሰው ጠበበው ሲል ያሰፋል፣ ሰፋበት ሲል ያጠብባል፤ እግሩ ከቦታው አይነቃነቅም። አንድ ስፋት ብቻ ያለው ሌንስ ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው ካሜራውን ወደ ዓይኑ ከማምጣቱ በፊት ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር ያውቃል፤ የሚቆምበትንም ቦታ አስቀድሞ ይመርጣል። በአልትራ ዋይድ ሥራ ደግሞ የቦታ ምርጫ ከምንም ይበልጣል፤ ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት ሄዳችሁ የምታገኙት ፎቶ ከመጀመሪያው ጋር ዝምድና የለውም።

ኤፍ 1.8 ከንቱ ነው የተባለበት ክርክር እንዲህ የሚል ነው፦ ሰፊ ክፍተት የሚገዛው ጀርባን ለማደብዘዝ ነው፤ ዋይድ ሌንስ ጀርባ አያደበዝዝም፤ ስለዚህ ገንዘቡ ለምንም ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ እንለያያለን። ሰፊ ክፍተት የሚገዛው ለብርሃን ነው።

ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብታችሁ ጣሪያውን ተመልከቱ። በእንጨቶቹ መካከል የተደረደሩት የመላእክት ፊቶች ሁሉም ወደ ታች ያያሉ፤ ዓይናቸው ትልልቅ ነው፤ ክንፋቸው ከአንገታቸው ሥር ይዘረጋል። ብርሃኑ የሚገባው ከበሮቹና ከመስኮቶቹ ብቻ ነው፤ ፍላሽ አይተኮስም፤ ሰው እየጸለየ እያለ ትራይፖድ ዘርግቶ መንገድ መዝጋትም ነውር ነው። የሚቀረው በእጅ ይዞ ወደ ላይ ማንሳት ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 4 ጋር ሲነጻጸር አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በኤፍ 4 አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 8000 የሚጠይቀው ጣሪያ በኤፍ 1.8 አይኤስኦ 1600 ይበቃዋል። በ8000 የመላእክቱ ጉንጭ ላይ ያለው ስስ ቀለም በጠጠር ይሸፈናል፤ በ1600 ግን የሠዓሊው የቡሩሽ ጉዞ ሳይቀር ይታያል።

ክፍተቱን ያን ያህል ስንከፍት ፎከስ የሚጠፋ የሚመስለውም አለ። ዋይድ መሆኑ የሚያግዘው እዚህ ላይ ነው። በፉል ፍሬም 14 ሚሜ ላይ፣ በኤፍ 1.8 እንኳ፣ 3.6 ሜትር ላይ ፎከስ ካደረጋችሁ ከ1.8 ሜትር እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ተቀባይነት ያለው ጥርት ውስጥ ይገባል። ጸሐፊው እንደ ድክመት የቆጠሩት «ጀርባ አያደበዝዝም» የተባለው ጠባይ፣ በጨለማ ውስጥ ሙሉ ክፍተት እንድንጠቀም የሚፈቅድልን ያው ጠባይ ነው። ማዕዘኖቹ ላይ ትንሽ መጨለምና መለስለስ አለ፤ ያንን አልደብቅም።

ኮከብ ለሚያነሳ ሰው ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ የከረረ ነው። ኮከቡ መስመር ሆኖ ሳይጎተት ካሜራው ስንት ሰከንድ ክፍት መቆየት እንደሚችል ለማወቅ ሰዎች በልማድ የሚጠቀሙበት ስሌት 500ን በሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል ነው፤ ለ14 ሚሜ 35 ሰከንድ ይሰጣል። ይህ ስሌት ለእኛ ሰማይ ልል ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ስለዚህ ከአናታችን በላይ የሚያልፉት ከዋክብት በካሜራ ላይ ፈጥነው ከሚጎተቱት ወገን ናቸው። በ24 ሜጋ ፒክስል ፉል ፍሬም ላይ በ35 ሰከንድ ውስጥ ኮከቡ 6 ፒክስል ያህል ይጎተታል፤ በ20 ሰከንድ ወደ 3 ተኩል ይወርዳል። ስለዚህ 20 ሰከንድ ውስጥ መጨረስ ይሻላል። ሰዓቱን ካሳጠርን ብርሃኑን ከየት እናምጣው? ከክፍተቱ ነው፤ ሌላ ምንጭ የለም። ዳናኪል ላይ ወይም ከከተማ መብራት በራቀ ደጋ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ከየካቲት እስከ ግንቦት ንጋት ሲቃረብ፣ የፍኖተ ሐሊብ መሃል ከደቡብ በኩል ከፍ ብሎ ይታያል፤ ከአውሮፓ ሰማይ ይልቅ እኛ ጋ እጅግ ከፍ ይላል። በኤፍ 1.8 እና በኤፍ 2.8 መካከል ያለው የ2.4 እጥፍ ልዩነት በዚያች ሌሊት ሁሉን ይወስናል።

ጀርባ አያደበዝዝም የሚለውም ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። 20 ሚሜ ኤፍ 1.8 ይዞ ወደ አንድ አበባ ወይም እጅ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ የቀረበ ሰው የሚያገኘው ብዥታ፣ በ50 ሚሜ ኤፍ 1.8 ከሜትር ተኩል ላይ ከሚገኘው ጋር ይቀራረባል። ልዩነቱ በ20 ሚሜው ጀርባው ለስልሶም ምን እንደሆነ መታወቁ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከሆነ ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ይለያል። ለታሪክ ነጋሪ ፎቶ እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ስለ ስልክ አጭር ነው የምለው። እ.ኤ.አ. በ2019 አይፎን 11 ከ13 ሚሜ ጋር የሚመጣጠን ካሜራ ይዞ ከመጣ ወዲህ አልትራ ዋይድ በብዙ ሰው ኪስ ገብቷል፤ ለቀን ብርሃንና ለስክሪን ይበቃል። ሴንሰሩ ግን ትንሽ ስለሆነ ኤፍ 2.4 የተባለው በፉል ፍሬም ሂሳብ ወደ ኤፍ 20 ያህል ነው። ከላይ የጠቀስኩት ጣሪያና ሰማይ ላይ ሞክሩት፤ ከዚያ በኋላ መከራከር አያስፈልገንም።

ፓኖራማ ደግሞ ለቆመ ነገር ነው። ታቦት ሲወጣ፣ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ ጥላው ሲወዛወዝ አምስት ፎቶ አንስቶ መስፋት አይሆንም፤ አንዱ ካህን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ የሌላው መቋሚያ ግማሽ ላይ ይቆረጣል። በክንድ ርቀት ያለ ነገር ካለበት ደግሞ ካሜራው ሲዞር የፊቱና የኋላው አይገጣጠሙም።

«ያታልላል» የሚለው ክስ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ክብደቱ ይገባኛል። የሚከራይ ቤት ማስታወቂያ ላይ ሁለት ሰው የማያዞር መኝታ ቤት አዳራሽ መስሎ ይታያል፤ ሰው ታክሲ ከፍሎ ሄዶ ያዝናል። ይህን የሚያደርጉ ፎቶ አንሺዎች ስህተት ይሠራሉ፣ ማቆምም አለባቸው። ነገር ግን ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ዋይድ ሌንስ በጠባዩ ዋሾ ነው፣ ቴሌው ግን ሐቀኛ ነው ወደሚል መደምደሚያ ሄደዋል። ይህ አይሆንም። መስቀል አደባባይ ላይ የደመራን ሕዝብ በ200 ሚሜ ያነሳ ሰው በሰውና በሰው መካከል ያለውን ቦታ ሁሉ አጣብቆ ትከሻ ለትከሻ ያደርገዋል፤ ያንኑ ሕዝብ ከዳር ሆኖ በ14 ሚሜ ያነሳ የሳሳ ያስመስለዋል። ሁለቱም ከአንድ ቦታ የታየ እይታ ነው፤ ሁለቱም ያለ መግለጫ ሊያሳስት ይችላል። ለጋዜጠኛ ደግሞ ከቴሌው በኩል ያለው አደጋ አይተናነስም፤ የሕዝብ ብዛት የሚያከራክር ነገር ነውና።

ቤት በሐቀኝነት ማንሳት ይቻላል። በ14 ከጥግ ከማንሳት በ20 ወይም በ24 ከበሩ ማንሳት፤ ካሜራውን በወገብ ከፍታ ቀጥ አድርጎ መያዝ፤ አልጋውን ወይም ሶፋውን ከሌንሱ ሥር አለማስገባት፤ መጠኑ የሚታወቅ ነገር፣ በር ወይም ወንበር፣ ከፍሬሙ መሃል እንዲታይ ማድረግ። ተመልካቹ በሩን አይቶ የክፍሉን ልክ ይገምታል። ካሬ ሜትሩንም ከፎቶው ሥር መጻፍ ነው።

የቀረው የጀማሪው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ይህ የመጀመሪያ ሌንስ መሆን የለበትም ብለዋል፤ እስማማለሁ። መጀመሪያ 35 ወይም 50 ይኑራችሁ። ክሮፕ ካሜራ (ሴንሰሩ ከፉል ፍሬም ያነሰ) ያላቸውን ያስጠነቀቁትም ተገቢ ነው፦ 14 ሚሜ በካኖን ክሮፕ ላይ ከ22 ሚሜ በላይ ካለ ሌንስ ጋር ይመጣጠናል፤ አልትራ ዋይድነቱ ይቀንሳል። ግን መልሱ ተስፋ መቁረጥ አይደለም፤ ለክሮፕ ተብለው የተሠሩ አሉ፤ ሳምያንግ 10 ሚሜ ኤፍ 2.8 አለ፤ የሶኒ ወይም የፉጂ ክሮፕ ላለው ደግሞ የሳምያንግ 12 ሚሜ ኤፍ 2 አለ፤ ቀላል ነው፣ ፊቱም ላይ ፊልተር ይገባል።

ፉል ፍሬም ያለው ሰው በትንሽ ገንዘብ መጀመር ከፈለገ የቆየው ሳምያንግ 14 ሚሜ ኤፍ 2.8 አሁንም ጥሩ በር ነው። ፎከሱ በእጅ ነው፤ ጸሐፊው ይህን እንደ እንቅፋት አንስተውታል። በኤፍ 8 ላይ 85 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ፎከስ አድርጋችሁ ብትተዉት ከ45 ሳንቲ ሜትር ያህል ጀምሮ እስከ አድማስ ጥርት ይላል፤ ቀኑን ሙሉ ቀለበቱን ሳትነኩ መዋል ትችላላችሁ። ሌንሱ ላይ የታተመውን የርቀት ቁጥር ግን አትመኑ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል፤ በስክሪኑ አጉልታችሁ ራሳችሁ ምልክት አድርጉበት። አግድም መስመሮች ላይ ማዕበል የመሰለ መወላገድ አለበት፤ በኮምፒውተር በሌንሱ ፕሮፋይል ይስተካከላል።

አብዛኛው ሌንስ ወደ አገር የሚገባው በሰው እጅ ስለሆነና ያገለገለ መግዛት የተለመደ ስለሆነ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ጡብ ወይም ብሎኬት ግድግዳ ፊት ለፊት ትይዩ ቆማችሁ ሙሉ ክፍተት ላይ አንሱና አራቱን ማዕዘኖች አጉልታችሁ አወዳድሩ፤ ግራው ጥርት ብሎ ቀኙ ከደበዘዘ መስታወቱ ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፣ ተዉት። ሁለተኛ፣ ፊት ለፊቱ ጉብ ያለው መስታወት በአብዛኞቹ 14ዎች ላይ በፊልተር አይጠበቅምና በመብራት አዘንብላችሁ ጭረት ፈልጉ። ቀጭን ጭረት በተራ ፎቶ ላይ አይታይም፤ ፀሐይ ወይም የመንገድ መብራት ፍሬም ውስጥ ሲገባ ግን ይወጣል፤ ከ100 ዲግሪ በላይ በሚያይ ሌንስ ደግሞ መብራት ፍሬም ውስጥ የማይገባበት ጊዜ ጥቂት ነው።